የዳትሰን 280ዜድን ከባድ ፓራውልት አውርዶ የፋይበር ፓራውልት መግጠም

ዳትሰን 240ዜድ በ1969 መጨረሻ ሲወጣ ፓራውልቱ ቀጭን ክሮም ነበር። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ረጅሙ ኮፋኖ፣ ወደ ውስጥ ገባ ያሉት የፊት መብራቶች፣ ወደ ኋላ እየወረደ የሚሄደው ጣሪያ፣ ሁሉም ያለ ከልካይ ይታይ ነበር። ከዚያ የአሜሪካ መንግሥት የፓራውልት ደንብ መጣ። ለ1973 ሞዴል መኪናው ፊቱን በሰዓት 5 ማይል፣ ኋላውን በ2.5 ማይል ሲገጭ መብራትና ሌላ የደህንነት ዕቃ እንዳይጎዳ ተደነገገ፤ ለ1974 የኋላውም ወደ 5 ማይል ከፍ አለ። የዳትሰን ሠሪ የኒሳን መልስ ከ1975 እስከ 1978 በተሸጠው 280ዜድ ላይ በግልጽ ይታያል፦ ከቦዲው ርቆ የወጣ፣ በሾክ ላይ የተቀመጠ፣ በጥቁር ጎማ የተሸፈነ ከባድ ብረት። በ1971 እና በ1973 የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን ያሸነፈው የ240ዜድ ፊት ከዚያ ሁሉ ብረት ጀርባ ተደብቆ ቀረ።

ይህ መመሪያ ያንን ብረት አውርዶ በ240ዜድ ቅርጽ የተሠራ የፋይበር (ፋይበርግላስ) ፓራውልት ስለ መግጠም ነው። ዘዴው ለሌሎች የዚያ ዘመን መኪኖችም ይሠራል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ቮልሱን በፋይበር የሚያስውብ ሰውም የመያዣውንና የሬዚኑን (ፋይበሩን የሚያጠነክረው ፈሳሽ) ክፍል እንዳለ ሊወስደው ይችላል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይታወቅ። የፋይበር ፓራውልት ግጭት አይችልም። ሾክ ያለው ፓራውልት በፓርኪንግ ቦታ ቀስ ብሎ ሲነካ ገባ ብሎ ይመለሳል፤ ፋይበር ይሰነጠቃል፣ ጉልበቱም በቀጥታ ወደ መያዣውና ወደ ሻንሲው ያልፋል። መኪናውን በየቀኑ ለሥራ የምትነዱትና መንገድ ዳር የምታቆሙት ከሆነ ባትነኩት እመርጣለሁ። በአሜሪካ በየስቴቱ የመኪና ምርመራ ሕግም ስለ ፓራውልት የሚለው ይለያያልና፣ ኢንሹራንሳችሁንም ሕጉንም አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ዕቃውን ስትገዙ

ውጪው ሁልጊዜ ያምራል፤ ጄልኮት የሚባለው የላይኛው ለስላሳ ንጣፍ ብዙ ጉድ ይሸፍናል። ገልብጡና ውስጡን እዩ። ማቱ፣ ማለትም የመስታወት ክሩ ምንጣፍ፣ በሬዚን በደንብ ርሶ ከሆነ መልኩ ወጥ ነው፣ ብርሃን ላይ ሲያዝም በእኩል ያሳልፋል። ነጭ ነጭ ደረቅ ቦታዎች ካሉ ሬዚን አልደረሳቸውም ማለት ነው። በሳንቲም ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር መታ መታ አድርጉ፦ ጥሩው ቦታ ጠንከር ያለ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ በጄልኮቱና በማቱ መካከል አየር የተያዘበት ቦታ ግን ድምፁ ይሞታል። እንዲህ ያለው በብዛት ማዕዘኑ ላይ ነው የሚገኘው፤ ፀሐይ ሲመታው ይፈነዳል።

ውፍረቱ ከ3 ሚሊሜትር በታች ከሆነ ከውስጥ ተጨማሪ ማት ትደርቡበታላችሁ። ያ ችግር የለውም። ችግሩ ጠማማው ነው። ብዙ አምራቾች ፋይበሩ በደንብ ሳይደርቅ ከሻጋታው ያወጡትና ግድግዳ ላይ አስደግፈው ያስቀምጡታል፤ እዚያው ተጣሞ ይደርቃል። ወለሉ ደልዳላ በሆነ ቦታ አስቀምጡትና አራቱም ማዕዘን መሬት መንካቱን እዩ። ትንሽ መወላገድ ይስተካከላል፤ ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው ብዙ የተጠመዘዘውን ግን አትግዙ፣ የምታጠፉት ጊዜ ከዋጋ ልዩነቱ ይበልጣል።

ማውረድ

የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ። መኪናውን በክሪክ አንስታችሁ በድጋፍ ላይ አሳርፉ፤ በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር ማንም አይግባ። ከዚያ ምንም ሳትፈቱ የመኪናውን መሐል መስመር ፈልጉ። የኮፋኖውን ጫፍ ለሁለት አካፍሉና በማስኪንግ ቴፕ ምልክት አድርጉ፣ ከኋላም እንዲሁ። ይህቺ ቴፕ እስከ መጨረሻው ድረስ አትነሳም።

ብሎኖቹ ከአርባ ዓመት በላይ ጭቃና ጨው ጠጥተዋል። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ነፍታችሁ አሳድሯቸው፣ በማግስቱ ድገሙት። እዚህ ላይ ችቦ የማንሳት ፈተና ይመጣል። ሾኩ አጠገብ እሳት አታምጡ። የፓራውልቱ ሾክ ውስጡ ግፊት ያለው የታሸገ ሲሊንደር ነው፤ በሙቀት ይፈነዳል። በግራይንደር አይቆረጥም፣ በትራፓኖ አይበሳም፣ አይበየድም። ብሎኑ አልላቀቅ ካለ ከሾኩ ራቅ ብሎ ያለውን የመያዣውን ብሎን ፍቱና ሁሉንም አንድ ላይ አውጡት። ፓራውልቱ ከባድ ስለሆነ የመጨረሻው ብሎን ሲወጣ ሁለት ሰው ይያዘው። ጎን ላይ ወደ ፓራፋንጎው የሚያያዝ ብሎን ካለ እሱን ቀድማችሁ ፍቱ፤ እሱን ረስቶ የጎተተ ሰው ፓራፋንጎውን ያጣምማል።

የወረደውን ሁሉ፣ ሾኩን፣ ጎማውን፣ ብሎኑን ሳይቀር፣ ጽፋችሁ በሣጥን አስቀምጡ። ኦሪጅናል ዕቃው የተሟላ 280ዜድ ለሚቀጥለው ገዢ ዋጋ አለው፤ አንድ ቀን እናንተም ልትመልሱት ትችላላችሁ።

ፓራውልቱ ሲወርድ ሾኩ ያልፍባቸው የነበሩት ቀዳዳዎች ፊትም ኋላም አፋቸውን ከፍተው ይቀራሉ። ባትላሜራ ቤት ብትወስዱት ላሜራ በይዶ ይደፍናቸዋል፤ ንጹሕ ሥራ ነው፣ ግን መመለሻ የለውም። እኔ የምመርጠው ከ1.5 ሚሊሜትር አልሙኒየም ክዳን ቆርጦ፣ ከሥሩ ጎማ አድርጎ፣ በትንንሽ ብሎን ማሰር ነው። ውሃ አያስገባም፣ አብዛኛውን አዲሱ ፓራውልት ይሸፍነዋል። ክዳኑ ከመታሰሩ በፊት የቀዳዳውን ጠርዝ ዝገት አጽዱና ኤፖክሲ ፕራይመር ቀቡት። የሻንሲውንም ጫፍ እዚያው እያያችሁ በካቻቢቴ ጫን ጫን አድርጉ፤ ብረቱ ከበሰበሰ መያዣ የምታስሩበት ነገር የለምና ሥራው ከብየዳ ይጀምራል።

የሙከራ ገጠማ

ሰው የሚቸኩልበት ቦታ ይህ ነው፤ ፓራውልቱ ቆንጆ ሆኖ የሚቀመጠውም የሚበላሸውም እዚህ ነው። ቀለም፣ ስቱኮ፣ ማለስለስ ሁሉ ይቆይ።

ፓራውልቱን በሣጥንና በእንጨት ደግፋችሁ በሚቀመጥበት ከፍታ ላይ አቁሙት። የእሱንም መሐል ለክታችሁ በቴፕ ምልክት አድርጉና ከኮፋኖው ምልክት ጋር አገናኙ። በቦዲውና በፓራውልቱ መካከል እኩል ክፍተት እንዲኖር 12 ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸው የእንጨት ቁራጮች ቆርጣችሁ በየቦታው ሽጉጡ። ከዚህ በጠበበ ክፍተት ፋይበሩ በመንገድ ንዝረት ቀለሙን ይፍቃል፤ ከ20 ሚሊሜትር ከበለጠ ደግሞ ፓራውልቱ ተንሳፍፎ ይታያል።

አሁን ርቃችሁ ቁሙና እዩ። ውሃ ልክ አምጥቶ ፓራውልቱን ከመሬት ጋር ማስተካከል ደግ ይመስላል፣ ግን ዓይን ፓራውልትን ከመሬት ጋር አያነጻጽርም። የሚያነጻጽረው ከኮፋኖው ጠርዝና ከፊት መብራቶቹ ጋር ነው። ሞላው በአንድ በኩል ትንሽ የወረደ መኪና ላይ በውሃ ልክ የተገጠመ ፓራውልት ጠማማ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ከኮፋኖው ጠርዝ ወደ ታች በግራና በቀኝ በተመሳሳይ ቦታ ለኩ፣ ከዚያም ከየጎማው ቅስት እስከ ፓራውልቱ ጫፍ ለኩ። ልኬቱ በሁለቱ ጎን በጥቂት ሚሊሜትር ቢለያይ አትደንግጡ፦ ይህን ያህል ዕድሜ ያለው መኪና አንድ ቀን የሆነ ቦታ ተገጭቶ ተስተካክሏል። ልዩነቱን ለሁለት አካፍሉትና ግማሹን ወደ ግራ፣ ግማሹን ወደ ቀኝ ስጡ። ከፊት ሥር ያለውን የታችኛውን ላሜራ ግን መለኪያ አታድርጉት፤ ከማቆሚያ ድንጋይ ጋር ሲጋጭ የኖረ ስለሆነ ቀጥ ብሎ የሚገኘው ጥቂቱ ነው።

280ዜድ ላይ የፊት ፍሬቻ ከፓራውልቱ በላይ፣ በግሪሉ በኩል ነው ያለው፤ በ240ዜድ ግን ከፓራውልቱ በታች ነበር። ስለዚህ ፓራውልቱን ስታስቀምጡ ከፊት ለፊት ተንበርክካችሁ ፍሬቻው ሙሉ በሙሉ መታየቱን አረጋግጡ። ከተሸፈነ ፓራውልቱን ዝቅ ታደርጋላችሁ ወይም የላይኛውን ጠርዝ ትቆርጣላችሁ።

ፋይበሩን መቁረጥና ማስተካከል

ጠርዙን ብቻ ማንሳት ካስፈለገ፦ መስመሩን በማስኪንግ ቴፕ ላይ አስምሩ፣ በግራይንደር ላይ 1 ሚሊሜትር መቁረጫ ዲስክ አድርጋችሁ ከመስመሩ 2 ሚሊሜትር ተርፎ ቁረጡ፣ የቀረውን 80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልላችሁ ጨርሱ። ቴፑ ጄልኮቱ እንዳይሸረፍ ይይዘዋል። ትራፓኖ ስትጠቀሙም የመጀመሪያውን ማለትም የጄልኮቱን ንጣፍ ትራፓኖውን ወደ ኋላ እያዞራችሁ ጀምሩት፤ ምላጩ ሳይነክስ ይፍቃል፣ ዙሪያውም አይሰነጠቅም።

የፋይበር ብናኝ ለሳንባም ለቆዳም መጥፎ ነው። የአቧራ ማስክ፣ መነጽር፣ ረጅም እጅጌ። ከሥራ በኋላ በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቡ፤ ሙቅ ውሃ ብናኙን ወደ ቆዳ ውስጥ ያስገባዋል የሚሉ የድሮ ሠራተኞች ምክር ነው፣ እኔም እከተለዋለሁ።

የተወላገደውን ለማስተካከል ሂት ጋን (ሙቅ አየር የሚነፋ መሣሪያ) ያስፈልጋል። ፖሊስተር ፋይበር ሙቀቱ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ለስለስ ይላል። ከውስጥ በኩል እያንቀሳቀሳችሁ አሙቁ፣ አንድ ቦታ ላይ አታቁሙት፤ ጄልኮቱ ይነፋል። ሲለሰልስ ከሚፈለገው በላይ ትንሽ አልፋችሁ ጠምዝዙና በእንጨትና በክላምፕ አስራችሁ እስኪቀዘቅዝ ተዉት። ካልተመለሰ ጠባዩ ጠንካራ ነውና ወደ ቢላ መሄድ ነው፦ ከውስጥ በኩል ውፍረቱን ግማሽ ያህል የሚገባ ቦይ ቆርጣችሁ ፓራውልቱን በመኪናው ላይ በትክክለኛው ቦታ አስሩ፣ ቦዩን እዚያው በማት ዝጉት። ሲደርቅ ያንን ቅርጽ ይይዛል።

ስፋቱ ከመኪናው ጋር የማይገናኝ ከሆነ መሐሉ ላይ ይቆረጣል። 240ዜድ ተብሎ የተሸጠ ሻጋታ ሁሉ ከአንድ መኪና የተወሰደ አይደለምና ይህ ያጋጥማል። ሁለቱን ግማሾች በመኪናው ላይ አስቀምጣችሁ ጫፎቻቸውን ከፓራፋንጎው ጋር አስተካክሉ፤ የሚተርፈው ወይም የሚጎድለው መሐል ላይ ይታያል። ከውጭ በኩል ቀጭን አልሙኒየም አሞሌዎችን በትንንሽ ብሎን አሻግራችሁ ሁለቱን ግማሾች እዚያው መኪናው ላይ እንዳሉ እሰሯቸው። ከዚያ አውርዱና ከውስጥ አራት ንጣፍ ማት አድርጉ። ሲደርቅ አልሙኒየሙን አንሱ፣ ከውጭ በኩል ስንጥቁን ወደ ሁለቱም ጎን 30 ሚሊሜትር ድረስ እየቀነሰ የሚሄድ ተዳፋት አድርጋችሁ ፍቁ፣ ሁለት ንጣፍ ቀጭን ማት ሙሉበት። ተዳፋቱን ማሳጠር የሚፈልግ እጅ አለ፤ አትስሙት። ለ3 ሚሊሜትር ፋይበር አሥር እጥፍ ርዝመት ያለው ተዳፋት ካልተሠራ በመጀመሪያው ክረምት ቀለሙ ላይ ቀጥ ያለ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ይወጣል።

ሬዚን አሠራር

አብዛኞቹ ፓራውልቶች ከፖሊስተር ሬዚን የተሠሩ ናቸውና ጥገናውም በፖሊስተር ይሁን። ኤፖክሲ የሚባለው ሌላው የሬዚን ዓይነት በደረቀ ፖሊስተር ላይ በደንብ ይይዛል፣ ፖሊስተር ግን በኤፖክሲ ላይ አይይዝም፤ አንድ ጊዜ ኤፖክሲ ካገባችሁ እስከ መጨረሻው በኤፖክሲ መቀጠል አለባችሁ። በተጨማሪም የተለመደው የተቆራረጠ ማት ክሮቹን የሚያያይዘው ሙጫ የሚሟሟው በፖሊስተር ውስጥ ባለው ስታይሪን በሚባል ፈሳሽ ነው፤ ኤፖክሲ ስትጠቀሙ የተሸመነ ጨርቅ ግዙ።

በካሬ ሜትር 450 ግራም የሚመዝን ማት ለዚህ ሥራ ይበቃል። ከሚነካው ቦታ ላይ ጄልኮቱን ወይም አሮጌውን ሬዚን በ40 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት እስኪደበዝዝ ፍቁና በአሴቶን ጥረጉ። ማቱን አስቀድማችሁ ቆራርጡ፤ በመቀስ ከመቁረጥ በእጅ ብትቀዱት ጠርዙ ተበታትኖ ስለሚጠፋ ከሥሩ ጋር ይቀላቀላል። የሬዚኑ ክብደት ከማቱ ሁለት እጥፍ ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ይሁን።

ለ100 ግራም ሬዚን ኤም ኢ ኬ ፒ የሚባለው ማጠንከሪያ ከ1 እስከ 2 ግራም ነው፤ ጣሳው ላይ የተጻፈውን ተከተሉ። ጠብታ በመቁጠር አትሥሩ፣ ሚዛን ተጠቀሙ። ሙቀቱ 20 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ሩብ ሰዓት ያህል ጊዜ አላችሁ። ከ15 ዲግሪ በታች አትጀምሩ፤ ማጠንከሪያ በመጨመር ብርድን ማሸነፍ አይቻልም፣ ውጤቱ ላዩ ደርቆ ውስጡ የሚያጣብቅ ፋይበር ነው። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ክረምት ማሞቂያ የሌለው ጋራዥ፣ ወይም በአዲስ አበባ ሐምሌ ግቢ ውስጥ፣ ይህን ሥራ ማቆየት ነው። በአንድ ጊዜም ከአራት ንጣፍ በላይ አትደርቡ። ሬዚን ሲደርቅ ይሞቃል፤ በጣሳ ውስጥ ተከማችቶ የቀረው ትርፍ እስከ ማጨስ ይደርሳልና ውጪ፣ ከሚቀጣጠል ነገር ርቆ ይደር።

መጀመሪያ ቦታውን ሬዚን ቀቡ፣ ማቱን አሳርፉ፣ ከዚያ ብሩሹን እንደ ቀለም አትጎትቱት፤ ጫፉን ቀጥ አድርጋችሁ ጠቅ ጠቅ አድርጉ። ማቱ መጀመሪያ ነጭ ነው፤ ሬዚን ሲጠጣ ቀስ ብሎ ግልጽ ይሆናል፣ ከዚያ ክሮቹ ተላቅቀው ማዕዘኑን ይዘው ይተኛሉ። ያ እስኪሆን ሁለተኛውን ንጣፍ አታምጡ። ነጭ ሆኖ የቀረ ነጥብ አየር ነው፤ ወደ ጠርዝ ገፍታችሁ አስወጡት።

ኤም ኢ ኬ ፒ ዓይን ውስጥ ከገባ ያሳውራል። መነጽር ሳታደርጉ ጠርሙሱን አትክፈቱ፤ ከነካ ወዲያው በብዙ ውሃ ቢያንስ 15 ደቂቃ አጥባችሁ ሐኪም ቤት ሂዱ። ለስታይሪኑ ሽታም የአቧራ ማስክ አይበቃም፤ የከሰል ማጣሪያ ያለው ማስክ ነው የሚያስፈልገው።

መያዣው

የፋይበር ፓራውልት የሚሰነጠቀው ብዙውን ጊዜ በግጭት አይደለም። ሰው ብሎኑን ሲያጠብቅ ነው። መያዣው 8 ሚሊሜትር ወደ ኋላ ቀርቶ ከሆነ ብሎኑ ፋይበሩን 8 ሚሊሜትር ይጎትተዋል፤ ለጊዜው ይታዘዛል፣ ከወራት በኋላ ከብሎኑ ዙሪያ የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ይወጣል። ስለዚህ መያዣው ወደ ፓራውልቱ ይምጣ እንጂ ፓራውልቱ ወደ መያዣው አይጎተት።

ከ5 ሚሊሜትር ውፍረት፣ ከ40 ሚሊሜትር ወርድ ጠፍጣፋ ብረት ሁለት የፊትና ሁለት የኋላ መያዣ ሥሩ። በሻንሲው ላይ ሾኩ ታስሮባቸው የነበሩትን ቀዳዳዎች ተጠቀሙ፤ አዲስ ቀዳዳ ሻንሲው ላይ መብሳት አያስፈልግም። በሻንሲው በኩል ያለው የመያዣው ቀዳዳ ቁመቱ ወደ ላይና ወደ ታች 25 ሚሊሜትር የሆነ ረጅም ቀዳዳ ይሁን፣ በፓራውልቱ በኩል ያለው ደግሞ ወደ ጎን። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ለማስተካከል ሮንዴላ መደርደር ይበቃል። እንዲህ ሲሆን በሦስቱም አቅጣጫ ነፃነት አላችሁ።

በፋይበሩ በኩል ብሎን በባዶ ቀዳዳ አታሳልፉ። ለእያንዳንዱ መያዣ 60 በ80 ሚሊሜትር የሆነ 3 ሚሊሜትር ላሜራ ቁረጡ፣ ማዕዘኑን አድቦልቡሉት፣ መሐሉ ላይ 8 ሚሊሜትር ብሎን ከራሱ በይዱበት፣ ዙሪያውን ትንንሽ ቀዳዳ በሱበት፤ ሬዚኑ በቀዳዳዎቹ አልፎ እንዲቆነጥጠው ነው። ብረቱን በ40 ቁጥር ፍቁት።

ከዚህ በኋላ ያለው ቅደም ተከተል የሥራው ልብ ነው። ላሜራዎቹን ከመያዣዎቹ ጋር በዳዶ እሰሩ፣ መያዣዎቹን ከሻንሲው ጋር ላላ አድርጋችሁ እሰሩ። ፓራውልቱን ከ12 ሚሊሜትር እንጨቶቹ ጋር በትክክለኛው ቦታ አስቀምጡትና ከውጭ በቴፕና በድጋፍ አስጨንቁት። ላሜራዎቹ የፋይበሩን ውስጥ በጭራሽ ሳይገፉት እንዲነኩት መያዣዎቹን አንቀሳቅሱ፣ ከዚያ መያዣዎቹን አጥብቁ። አሁን ሬዚን ውስጥ የተቆራረጠ ፋይበርና የሬዚን ማወፈሪያ ዱቄት ቀላቅላችሁ እስከ ወፍራም ሽሮ ድረስ አወፍሩት፣ በላሜራውና በፋይበሩ መካከል ሙሉት። ክፍተት ካለ ሊጡ ይሞላዋል፤ ፋይበሩ አይንቀሳቀስም። በዳዶውና በብሎኑ ጥርስ ላይ ሊጥ እንዳይገባ ቅባት ወይም ቴፕ አድርጉ።

ሳትነኩት አሳድሩት። በማግስቱ ዳዶዎቹን ስትፈቱ ፓራውልቱ ከነላሜራዎቹ ይወጣል። ጠረጴዛ ላይ ገልብጡትና እያንዳንዱን ላሜራ፣ ከጠርዙ በየጎኑ 50 ሚሊሜትር አልፎ በሚሄድ ማት፣ አራት ንጣፍ ሸፍኑት። የመጨረሻው ንጣፍ ከሌሎቹ ሰፋ ያለ ይሁን፤ ደረጃ የሠራ ጠርዝ ጉልበቱን አንድ መስመር ላይ ይሰበስባል። ሲደርቅ መልሳችሁ ግጠሙት። ዳዶዎቹ በጣት መግባት አለባቸው። አንዱ እንኳ በመፍቻ ካልተጎተተ አልገባም ካለ ቆሙና መያዣውን አስተካክሉ፣ ወይም የቀዳዳውን ርዝመት በሞረድ ጨምሩ።

የፓራውልቱ ጫፎች ረጅም ስለሆኑ በመንገድ ላይ ይርገበገባሉ። በየጫፉ ወደ ፓራፋንጎው ወይም ወደ ውስጠኛው ላሜራ አንድ ቀላል መያዣ በጎማ ሮንዴላ አድርጉ። እዚህ የሚፈለገው ጥንካሬ አይደለም፤ ንዝረቱን ማስታገስ ብቻ ነው።

የኋላው ላይ ሁለት ነገር ይጨመራል። ማርሚታው ፓራውልቱ ሥር የሚያልፍ ከሆነ በመካከላቸው ቢያንስ 40 ሚሊሜትር ይኑር፣ ከፋይበሩ ውስጥ በኩልም የሙቀት መከላከያ አልሙኒየም ለጥፉ፤ ሬዚን ሲሞቅ ይጠቁርና ይሰባበራል። ሌላው መብራት ነው። የታርጋ መብራት ወይም ሌላ መብራት ፋይበሩ ላይ ከተሰቀለ፣ ፋይበር ኤሌክትሪክ አያስተላልፍምና፣ ለብቻው ወደ ቦዲው የሚሄድ የማሳ ሽቦ ያስፈልገዋል። አምፖል ደብዘዝ ብሎ ሲበራ ወይም ፍሬቻ ሲፈጥን መጀመሪያ ማሳውን ፈልጉ።

ለቀለም ማዘጋጀት

ገና አዲስ ፓራውልት በላዩ ከሻጋታው የወጣ ሰም አለበት። ብርጭቆ ወረቀት ከማንሳታችሁ በፊት በሳሙናና በውሃ እጠቡት፣ ከዚያ የሰምና የቅባት ማጽጃ በአንድ ጨርቅ ቀብታችሁ ሳይደርቅ በሌላ ንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ። ሰሙ ሳይነሳ ብታለሰልሱት ወደ ፍቀቱ ውስጥ ይገባና ቀለሙ ላይ የዓሣ ዓይን የመሰሉ ጉድጓዶች ይሠራል።

ጊዜ ካላችሁ ፓራውልቱን መኪናው ላይ ገጥማችሁ ለጥቂት ቀናት ፀሐይ ላይ አቁሙት። የቀረው ሬዚን ይደርቃል፣ የሚነፋው አየር ካለ አሁን ይነፋል፣ የማቱም ቅርጽ ከቀለም በፊት ይወጣል። የተነፉትን በቢላ ጫፍ ከፍታችሁ በፖሊስተር ስቱኮ ሙሉ። መርፌ የምታክል ቀዳዳ ላይ ቀለም በመደረብ አትደፍኗት፤ ቀለሙ በላይዋ ድልድይ ይሠራና በሙቀት ይከፈታል። በትራፓኖ ሰፋ አድርጋችሁ ሙሏት።

በ180 ከዚያ በ320 አለስልሱ፣ ኤፖክሲ ፕራይመር፣ ከዚያ የሚሞላ ሁለት ክፍል ፕራይመር፣ ከዚያ በረጅም እንጨት ላይ 400 እና 600 ቁጥር። ፓራውልቱ ረጅምና ጠመዝማዛ ስለሆነ በጣት የተለሰለሰ ቦታ ሁሉ ከቀለም በኋላ ሞገድ ሆኖ ይታያል።

ቀለሙን በተመለከተ የእኔ አስተያየት፦ በክሮም ስፕሬይ ክሮም ለማስመሰል አትሞክሩ፣ ግራጫ ሆኖ ይቀራል። የመኪናውን ቀለም ወይም ደብዛዛ ጥቁር ቀቡት። ብረታማ ቀለም ከሆነ ፓራውልቱን በመኪናው ላይ በሚቆምበት አቅጣጫ ሰቅላችሁ ቀቡ፤ ተኝቶ የተቀባ ብረታማ ቀለም ከፓራፋንጎው የተለየ ጥላ ይዞ ይወጣል።

የመጨረሻው እስራት

ከታች በኩል ዝቅተኛው ቦታ ላይ 6 ሚሊሜትር ቀዳዳ በየጎኑ በሱ፤ ውሃ እንዳይቆም። በመያዣውና በፋይበሩ መካከል የጎማ ሮንዴላ፣ በዳዶው ሥር ሰፊ የብረት ሮንዴላ፣ ዳዶው ራሱን የሚቆልፍ ይሁን። ሮንዴላው በጣት መዞር ሲያቆም ሩብ ዙር ጨምሩና ተዉት። 12 ሚሊሜትር እንጨቶቹን ያን ጊዜ ብቻ አውጡ።

ጥቂት መቶ ኪሎሜትር ከተነዳ በኋላ ዳዶዎቹን በእጅ ፈትሹ፣ ክፍተቱንም በነዚያው እንጨቶች እንደገና ለኩ። አንድ ጎን ጠቦ ከተገኘ ጎማው ተጨምቆ ሊሆን ይችላል፤ ብሎኑን ላላ አድርጋችሁ መያዣውን በረጅሙ ቀዳዳ ላይ አንቀሳቅሱ። ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ካያችሁ ከመርዘሙ በፊት ጫፉ ላይ በ3 ሚሊሜትር ትራፓኖ አንድ ቀዳዳ በሱ፤ ስንጥቁ እዚያ ይቆማል። ከዚያ ያንን መያዣ ፈትታችሁ ፋይበሩ ወዴት እንደሚዘል እዩ፤ የዘለለበት አቅጣጫና ልክ መያዣው ስንት ሚሊሜትር መንቀሳቀስ እንዳለበት ይነግራችኋል። ማቱን ከውስጥ የምታደርጉት መያዣው ከተስተካከለ በኋላ ነው።